በብስክሌት ወደ ደብረ ታቦር፤ ዝግ ብሎ የሚጓዝ እንግዳና የመንገድ ዳር ንግድ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በመኪና የሚሄድ ሰው ቁርሱን ባሕር ዳር በልቶ ምሳውን ደብረ ታቦር ለመብላት አያዳግተውም። በብስክሌት የሚሄድ ሰው ግን፣ ጉልበቱን የሚያውቅና ዕድሜውን የሚያከብር ከሆነ፣ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። በእነዚህም ሁለት ቀኖች ውስጥ ይበላል፤ ይጠጣል፤ ያድራል፤ ጎማው ይተነፍሳል፤ ካቴናው ዘይት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ለተጓዡ ድካም ቢሆንም ለነጋዴው ገበያ ስለ ሆነ፣ ስለዚሁ መንገድና ስለ ብስክሌት መንገደኛ ጥቂት ለማተት አስቤአለሁ።

አገር ለማየት በብስክሌት በመዞር ረገድ ፈረንሳዮችን የሚያህል ሕዝብ ጥቂት ነው። የነገሩ ሥር ንግድ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አይገነዘበውም። ቱር ደ ፍራንስ የሚባለው ታላቁ የብስክሌት ውድድር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ሲጀመር፣ አሳቡን ያፈለቀው ሎቶ የተባለ ጋዜጣ ሲሆን ዓላማውም የጋዜጣውን ሽያጭ ከፍ ማድረግ ነበር፤ ተሳክቶለታልም። የሚሽለን ወንድማማቾችም በ1891 ከቸርኬው በቀላሉ የሚወልቅ የብስክሌት ጎማ ካወጡ በኋላ፣ በ1900 የመንገድና የማደሪያ መምሪያ መጽሐፍ አሳትመው በነጻ አደሉ። ሰው በብዛት ሲዞር ጎማ በብዛት ያልቃል ብለው ነው። ነጋዴ በነጻ የሚሰጠው ነገር ምን ጊዜም ምክንያት አለው።

ለእኛ ለንግድ ቤት ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበን ግን ፖል ደ ቪቪ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው በሴንት ኤትየን ከተማ የሐር ነጋዴ ነበር። ሴንት ኤትየን በሪባን፣ በጠመንጃና በኋላም በብስክሌት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ደ ቪቪ በ1887 ከእንግሊዝ አገር ብስክሌት የሚያስመጣ ቤት ከፈተ፤ በዚያው ዓመትም ስለ ብስክሌት የሚናገር መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ቬሎስዮ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ነበር። ከተማው በተራራ የተከበበ ስለ ሆነ፣ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ለዳገት አገር እንደማይበቃ አጥብቆ ተከራከረ። የውድድር ሰዎች ማርሽ የሰነፍ መሣሪያ ነው እያሉ ሲንቁት ኖረው፣ በቱር ደ ፍራንስ ማርሽ መቀየሪያ የተፈቀደው በ1937 ነው፤ ደ ቪቪ በ1930 ከሞተ በኋላ ማለት ነው። ውድድር ሳይሆን ጉዞ የሚፈልገው ተራ ሰው ግን ከዚያ በፊት ሰምቶታል።

በ1936 የፈረንሳይ ሠራተኛ በዓመት የሁለት ሳምንት ዕረፍት ከነደመወዙ በሕግ ሲፈቀድለት፣ ብዙው ሕዝብ በብስክሌት ወደ ገጠር ወጣ። ከጦርነቱም በኋላ፣ በ1951፣ ገበሬው ትርፍ ቤቱን አድሶ ለእንግዳ የሚያከራይበት ሥርዓት ተጀመረ። ወጣቱ ወደ ከተማ እየፈለሰ መንደሩ ባዶ በመቅረቱ መፍትሔ ሲፈለግ የተገኘ ዘዴ ነው። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ብስክሌተኛን በሚገባ የሚቀበል ማደሪያ በበሩ ላይ የሚሰቅለው ምልክት አለ። ምልክቱን ለማግኘት ቤቱ ከብስክሌት መንገዱ ከአምስት ኪሎ ሜትር ያልራቀ መሆን አለበት፤ ብስክሌት ተቆልፎ የሚያድርበት ስፍራና የመጠገኛ መሣሪያም ሊኖረው ይገባል። እነዚህ ግዴታዎች ብዙ ካፒታል የሚጠይቁ እንዳልሆኑ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ብስክሌት ለእኛ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ጣሊያኖች ትተውልን የሄዱት ስሞች ዛሬም በእያንዳንዱ ጎሚስታ አፍ ላይ ናቸው፤ ካላማዳሪ፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ቫልቮላ የምንለው ሁሉ ከእነርሱ የተቀዳ ነው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ባሕር ዳርም፣ መሬቷ ሜዳ በመሆኑ፣ ብስክሌት የበዛባት ከተማ መሆኗን የማያውቅ የለም። ይህ ሁሉ እያለ አገር ለማየት በብስክሌት መውጣትን ለፈረንጅ ብቻ ትተንለታል።

እኔ ይህን መንገድ በብስክሌት የሄድኩት በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። አሠሪዬ ደብረ ታቦር ካለ ደንበኛው ጋር ሒሳብ እንዳመሳክር ሲልከኝ፣ ሁለት ቀን ቀድሜ እንድነሣ ለመንኩትና ፈቀደልኝ። ሂሳብ መያዝ ልማዴ ስለ ሆነ በመንገድ ያወጣሁትን ገንዘብ ሁሉ በደብተር ጻፍኩ። ዋጋው ዛሬ ስለ ተለወጠ አልዘረዝረውም፤ የተቀባዮቹን ቁጥር ግን እነግራችኋለሁ። ሐሙሲት ላይ ሻይና አምባሻ፤ ስሟ የሐሙስን ገበያ የሚያስታውስ ከተማ ናት። ከጉማራ ወንዝ ወዲህ ከአንዲት ልጅ የተቀቀለ ሽንብራ፤ ወረታ ላይ ምሳ፣ ራት፣ አልጋና ሙዝ፤ ሙዙ ከሌላ ሱቅ ነው። እዚያው ወረታ ጎሚስታው ካላማዳሪዬን ለጠፈልኝ፤ አንድ ልጅም ብስክሌቴን አጠበ። በማግሥቱ ዓለም በር ላይ እንቁላል ፍርፍርና ሁለት ሻይ፤ አውራምባ ላይ ነጠላ፤ ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ ውሃ ከሦስት ሱቅ። ደብረ ታቦር ስገባ ደምሬ ባየው ከእጄ ገንዘብ የተቀበሉት ሰዎች አሥራ አንድ ሆነው ተገኙ። ስመለስ ብስክሌቴን ሚኒባስ ላይ ጫንኩት፤ ያን ጊዜ ገንዘብ የተቀበለኝ ረዳቱ ብቻ ነው።

በሁለቱ ጉዞዎች ያወጣሁት ገንዘብ ያን ያህል የተራራቀ አልነበረም። የሚለያየው በስንት እጅ እንደ ተከፋፈለ ነው። ዓለም በር ላይ እንቁላል የጠበሱልኝ እናት ይህን ከእኔ አስቀድመው ያውቁት ኖሯል። ሂሳቤን ስከፍል፣ "መኪናው ጡሩንባውን ብቻ ነው ጥሎልን የሚያልፍ፤ አንቱ ግን ቁጭ ብለው በሉ" አሉኝ። እማማ፣ ቁጭ ያልኩት ዳገቱን ፈርቼ ነው ብላቸው በጣም ሳቁ።

ዳገቱ በእርግጥ የሚያስፈራ ነው። ወረታ ከጣና ሐይቅ እምብዛም ከፍ አትልም፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። መካከላቸው ያለው አርባ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ ስለ ሆነ፣ ሰው ሦስት መቶ ፎቅ ያለው ቤት ደረጃውን ከነሻንጣው እንደ መውጣት ይቈጠራል። በታች የፎገራ ሜዳ ይታያል። ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ሩዙም ከእንጀራ እህል ጋር እየተደባለቀ ይጋገራል። ሽቅብ በተሄደ ቁጥር ሩዙ ጤፍና ማሽላ ይሆናል፤ ጤፉ ስንዴና ባቄላ ይሆናል፤ ወደ ደብረ ታቦር ሲቃረቡ ገብስና ድንች ይተካሉ። በመኪና መቶ ጊዜ አልፌ ይህን የእህል ቅያሬ አላስተዋልኩትም ነበር። ለእህል ነጋዴ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ትምህርት በነጻ አይገኝም፤ የትኛው መንደር የትኛውን እህል እንደሚያወርድ በሁለት ቀን ለይቼ አወቅሁ።

የፖል ደ ቪቪ አሳብ እውነትነቱ የሚታወቀውም እዚህ ዳገት ላይ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሰው ሁሉ የሚነዳው ባለ አንድ ማርሽ ረጅሙ ብስክሌት ለሜዳ ድንቅ ነው፤ ከዓለም በር በላይ ግን ባለቤቱ ጎትቶት ይወጣል እንጂ ተቀምጦበት አይወጣም። የእኔው የተራራ ብስክሌት በመሆኑ በትንሹ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ እየተንፈራገጥኩም ቢሆን አወጣኝ።

ወደ አውራምባ ለመድረስ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ማለት ያስፈልጋል። በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተቋቋመው ይህ ማኅበረሰብ፣ ወንዱና ሴቱ ሥራን ያለ ልዩነት በመከፋፈሉ በብዙ አገር የታወቀ ነው። ነጋዴ ሊያየው የሚገባው ግን አቀባበላቸውን ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚያስጐበኝ ሰው አለ፤ የሚታየው ነገር ቅደም ተከተል አለው፤ መጨረሻ ላይም የሸማ ሥራቸው ወደሚሸጥበት ቤት ይደረሳል። ዋጋው የታወቀ ነው፤ ክርክር የለም። ብስክሌት ላይ የሚጫን ዕቃ ቀላል መሆን ስላለበት ጋቢውን ትቼ ነጠላ ገዛሁ። ትንንሽ ዕቃ ለእንደዚህ ያለው እንግዳ መዘጋጀት እንደሚገባው ያን ጊዜ ታሰበኝ።

ደብረ ታቦር ታሪኳ ሰፊ ነው፤ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ነበረች፤ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስም ኖረውባታል። መንኰራኵርን በሚመለከት ግን ከሁሉ የሚበልጠው የጋፋት ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች አስቀልጠው ካሠሩ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ግድም ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጐተቱት። ክብደቱ ሰባት ቶን ይጠጋል። መንገድ ስላልነበረ በፊት በፊቱ እየተሠራ፣ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ በጨጨሆ ገደል አልፎ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። መድፉ ዛሬም እዚያው አለ። በዚያው ከፍታ ላይ በሁለት ቀጫጭን ጎማ የሚሄድ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ስለ ዳገቱ ማማረሩን ይተዋል። ስለዚህም ጋፋትን ለእንግዳ የሚያሳይ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት የእለት እንጀራውን ከዚሁ ሊያገኝ ይችላል።

ከደብረ ታቦር ወዲያ መንገዱ የጉና ተራራን ትከሻ ይዞ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ንፋስ መውጫ ይዘልቃል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ርብና ጉማራ ከእርሱ ፈልቀው ጣና ይገባሉ። በደርግ ዘመን ቻይናውያን እስከ ወልዲያ የዘረጉት ይህ መንገድ ወደ ላሊበላ ለመሄድም ያገለግላል። ከሌሊቱ ብርድ በቀር፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ለብስክሌት የተመቸ ነው። ንፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አለመሆኑን ግን መንገደኛው ይወቅ፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ቁልቁለቱ እንኳ ፔዳል ያስረግጣል።

አሁን ስለ ጉድለታችን ልናገር። የመጀመሪያው ድንጋይ ነው። በኢትዮጵያ በብስክሌት ያለፉ ብዙ የውጭ አገር መንገደኞች በጽሑፋቸው የሚያነሡት ነገር ቢኖር ሕፃናት ከኋላ የሚወረውሩት ድንጋይ ነው። ልጆቹ በክፋት አያደርጉትም፤ ከብት ሲጠብቁ የለመዱት ጨዋታ ነው፤ ሳንቲም ማደል የለመደ ቱሪስትም ጥፋት አለበት። ይሁን እንጂ አንድ ድንጋይ ከመቶ ማስታወቂያ ይበልጥ ይወራል። ነገሩን በፖሊስ ከማስቆም ይልቅ የየቀበሌው ሽማግሌዎች፣ አስተማሪዎችና ካህናት ቢመክሩበት ቶሎ ይታረማል ብዬ አምናለሁ። የመንገድ ዳር ባለሱቅም ድርሻ አለው። ወረታና ዓለም በር መካከል አንድ ባለሱቅ ልጆቹን በየስማቸው ጠርቶ ሲገሥጽ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዳገቱን እየገፉ አወጡኝ፤ ዋጋቸውም ሳቅ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው የማደሪያ ነገር ነው። እንግዳው ቅንጦት አይጠይቅም፤ ንጹሕ አንሶላ፣ የሞቀ ውሃ በባልዲም ቢሆን፣ ብስክሌቱ ተቆልፎ የሚያድርበት ክፍልና ማለዳ የሚደርስ ቁርስ ይበቃዋል። ማለዳ የሚለውን ቃል አጥብቄ እናገራለሁ፤ ብስክሌተኛ ፀሐይ ሳይበረታ ስለሚነሣ፣ ሦስት ሰዓት ላይ የሚቀርብ ቁርስ ለሌላ ሰው የተሠራ ቁርስ ነው።

ሦስተኛው አስመጪዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም የጎማ ልክ። በመንገዴ ላይ ያገኘኋቸው ባልና ሚስት ፈረንሳዮች የተቀደደ ጎማቸውን ለመተካት በደብረ ታቦር ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ ውለው ባዶ እጃቸውን ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ፤ ሊያወጡት ያሰቡት የሦስት ቀን ገንዘብም አብሮ ተመለሰ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። 26 ኢንች የሚባለው የተራራ ብስክሌት ጎማ የቸርኬ ልኩ 559 ሚሊ ሜትር ነው። የቆየው ረጅም ብስክሌት 28 ኢንች ሲባል ልኩ 635 ነው። የሩቅ መንገደኞች በብዛት የሚይዙት 700 የሚባለው ደግሞ 622 ነው፤ በእርሱም ላይ አንዳንድ ፋብሪካ 28 ብሎ ስለሚጽፍ ባለሱቁ አንድ ይመስለዋል። በአሥራ ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ምክንያት ጎማው አይገባም። ስለዚህ ትእዛዝ ሲጻፍ ኢንቹን ትቶ በጎማው ጎን የታተመውን ባለ ሦስት አኃዝ ቍጥር መጥቀስ ይሻላል። ካላማዳሪ ስለሚለጠጥ ለሁለቱም ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን የቫልቮላው ውፍረት መታየት አለበት። ቀጭኑ ቫልቮላ ለስድስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ወፍራሙ ለስምንት ነው፤ ወፍራሙ በጠባቡ ቀዳዳ ፈጽሞ አያልፍም፤ ቀጭኑ ግን በሰፊው ቀዳዳ ከነማጥበቢያው ይሠራል። እንግዲህ ቀጭኑን ያስመጣ ለሁለቱም ይሸጣል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የዘመኑን ሁኔታ ረስቼ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ጦርነቱ እስከ ንፋስ መውጫ ደርሶ ነዋሪዎቿ ብዙ መከራ ተቀብለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት የእንግዳውን እግር አሳጥሯል። በዚህ መንገድ ለመነሣት የሚያስብ ሰው ሁሉ በየከተማው ያሉትን የአገር ሰዎች አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል፤ ሰላም የለም ካሉትም ይቅር። በዚህ ምክንያት ግን ሥራው ሁሉ ይቁም ማለት አይገባም። ዓለም በር ላይ እንቁላል የሚጠብሱት እናት ምድጃቸውን አላፈረሱም፤ ጎሚስታውም መንፊያውን አልሸጠውም። የብስክሌት ዕቃ ደግሞ አይበሰብስም፤ ከፀሐይ ተጠብቆ መደርደሪያ ላይ ቢቆይ የአገሩ ተማሪና ወዛደር ይገዛዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያስመጣ ቤት መጠነኛ የሆነ ትእዛዝ ይበቃል እላለሁ። የ26ቱ ጎማና ካላማዳሪ ለአገር ደንበኛ በብዛት፤ የ622ቱ ለእንግዳ በጥቂቱ፤ ባለ ቀጭን ቫልቮላ ካላማዳሪ፣ የፍሬን ጎማና ገመድ፣ ካቴና ከነመፍቻው፣ መለጠፊያ ከነማጣበቂያው። ወረታ ላይ አንድ ሱቅ፣ ደብረ ታቦር ላይ ሁለት፣ ንፋስ መውጫ ላይ አንድ ቢይዙት መንገዱ ሁሉ ተሸፈነ ማለት ነው። ዕቃው በጅቡቲ በኩል እስኪገባ ወራት ስለሚፈጅ፣ ለጥቅምት መንገደኛ የሚሆነው ትእዛዝ ከፋሲካ በኋላ ሳይዘገይ መጻፍ አለበት፤ ክረምቱ ከገባ ወዲያ የተጻፈው የሚደርሰው ብስክሌተኛው ቁልቁለቱን ወርዶ ካለፈ በኋላ ነው።